ያልተለቀቀች በቅሎ

ይታይሽ ስትደርስ በቅሎዋ ቦረቦሩ ውስጥ ቆማ ታኝካለች። ችካሉ አልተነቀለም፤ ገመዱም አልተበጠሰም። ከዳር ያለውን ለምለም ሣር እንድትደርስበት ብላ ጠዋት ሌላ ገመድ የቀጠለችላት ይታይሽ ራሷ ናት። ቅጥሉ ቦረቦሩ ውስጥ እስከተተከለው ቀርቀሃ እንደሚያደርስ አላሰበችም፤ ወይም አስባ ነበር።

ቦረቦሩ በየክረምቱ እየሰፋ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ጥሎ መቃብሩ አጠገብ ደርሷል። አምና የደብሩ ሰዎች ሥሩ አፈሩን እንዲይዝ ብለው ቀርቀሃ ተከሉ። መጀመሪያ ያቆጠቆጠውን ከብት ጨረሰው። ዘንድሮ እንደገና ማቆጥቆጥ ሲጀምር የይታይሽን ባል ቄስ ገብረአማኑኤልን “ይገዝቱልን” አሏቸው። ቄሱም ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ገዘቱ፦ “ከብት የለቀቀ፣ ቀርቀሃ የቆረጠ፣ አይቶም ዝም ያለ የተገዘተ ይሁን።”

መጀመሪያ የተያዘው ታደለ ነው። ጥጃው ገብቶ ተገኘ። ታደለም ሕዝብ ፊት ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ ጠይቆ ተፈታ።

ይታይሽ በቅሎዋን ጎትታ አወጣች። እንደ ቀንድ ብቅ ብለው የነበሩት ቡቃያዎች ከወገባቸው ተቆርጠዋል። ላም የላይኛው የፊት ጥርስ ስለሌላት በጥሳ ነው የምትበላው፤ የተረፈው ጫፍ ይተለተላል። ይህ ግን በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ልሙጥ ነበር። የኮቴዋን ዱካ በቅጠል ጠረገች። የጥርሱን ምልክት ግን ምን ታድርገው?

“አስሬያት ነበር” ስትል በልቧ ተሟገተች። “ግዝቱ የለቀቀ ነው የሚለው። ገመድ ማስረዘም መልቀቅ አይደለም።”

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የተገዘተ ሰው አይቆርብም። አልተገዘትኩም እያለችም በማግሥቱ እግሯ ወደ ቁርባኑ አልሄድላት አለ። ባሏ ከመቅደስ ሲወጡ ከዳር ቆማ አዩዋት። ከዚያ ቀርቀሃው ተበላ ተብሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ቦረቦሩ ወረዱ።

ቤት ሲመለሱ ውሃ አቀረበችላቸው።

“ምን ተባለ?”

“የታደለ ጥጃ ነው አሉ። አንዴ የለመደ ነው አሉ።”

“እርስዎስ ምን አሉ?”

“እኔ ምን እላለሁ?” አሉና አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ይጠርጉ ጀመር። ጣታቸው ላይ አንዳች ነገር አልነበረም። የተቆረጠውን ቡቃያ እንደዳሰሱትና እንዳወቁ ያን ጊዜ ገባት። ሁለቱም ዝም አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታደለ ተጠራ።

“የኔ ጥጃ ከጓሮ ወጥቶ አያውቅም!” አለ።

“ባለፈውም እንዲሁ ብለህ ነበር” አሉት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ወልደአረጋይ።

“ያን ጊዜ ዋሽቼ ነበር። አሁን እውነቴን ነው!”

ሰዉ ሳቀ።

“በል እንግዲህ፣ ድንጋዩም ያውቅሃል፤ አንሣው።”

ሳቁ ባሰ። ታደለ ግን አልሳቀም። ወደ ቄሱ አየ፤ ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣ።

ይታይሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ሄዳ ድንጋዩን ያዘችው።

“ተወው። የኛ በቅሎ ናት። ለቅቄያታለሁ።”

“ገመድ በጥሳ ይሆናል እንጂ እርስዎማ…” አሉ አቶ ወልደአረጋይ።

“አልበጠሰችም። ገመዱን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ። የኮቴዋንም ዱካ ጠርጌያለሁ።”

ድንጋዩን ከታደለ ወስዳ ጫንቃዋ ላይ አደረገችው። የሳቀ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቄሱ እስኪፈቷት ይጠብቅ ጀመር። ቄሱ ግን መስቀላቸውን አላነሡም።

“እኔ ልፈታት አልችልም” አሉ። ድምፃቸው ከፊት ለቆሙት ብቻ ነበር የሚሰማው። “የበቅሎ ጥርስ መሆኑን አይቼ ዝም ብያለሁ። የታሰረ ሰው ሌላውን አይፈታም። ከአንኮበር ሌላ ካህን ይጠራልን።”

መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተቱና ከፈረሰው አጥር ሥር ለራሳቸው ድንጋይ ይፈልጉ ጀመር። የሚያግዛቸው አልተገኘም፤ የሚከለክላቸውም እንዲሁ።

ታደለ ወደ ይታይሽ ጠጋ ብሎ ድንጋዩን ጫንቃዋ ላይ አዞረላት።

“በዚህ በኩል ያድርጉት፣ እትዬ” አለ በዝግታ። “በዚያኛው ስለት አለው፤ አንገት ይልጣል።”

ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።