ከምላጭ ሥር የቀረ ቃል

ስለ ምላጭ እኔን የሚያስተምር ሰው ገና አልተወለደም። እኔ የላጨሁት አገጭ እንደ መስታወት ያበራል። አንዱ ደንበኛዬ ከወንበሬ ተነሥቶ ሲወጣ ፀሐይ ፊቱ ላይ አርፋ መኪኖች ቆሙ ብል፣ እናቴ ብትኖር ኖሮ «አጋነንክ» ትላለች እንጂ «ዋሸህ» አትልም። ስብከቴ ደግሞ ከምላጬ ይበልጣል። በየማለዳው አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ መርጬ በሳሙና መስታወቱ ላይ እጽፋለሁ፤ በዚያ ቀን የተቀመጠ ሁሉ ጥቅሱን ከነማብራሪያው ይዞ ይሄዳል። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ደግሞ አያቋርጥም።

«ሌላው ሰባኪ ሰው ይማርካል፤ አንተ ሰው ታግታለህ» ይለኛል አንድ የዘወትር ደንበኛዬ፣ ጡረተኛ ሹፌር።

«ሳይታገት ከጠፋ ታግቶ የዳነ ይሻላል» እለዋለሁ።

ያን ቀን የጻፍኩት «አቤቱ፥ ከንፈሮቼን ክፈት» የሚለውን ነበር። ሳሙናው ሳይደርቅ ታላቅ ወንድሜ ገባ። አናጺ ነው፤ ዝምተኛ። ዘመድ ሁሉ እኔን «ሬዲዮ»፣ እሱን «ባትሪ» ይለናል፤ ያለ እሱ አልሠራማ። በማግስቱ ጉሮሮው ላይ ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው። ሐኪሞቹ ዕጢውን ሲያወጡ ድምፁም አብሮ እንደሚሄድ ነግረውናል። ለዚህ ነው ሳየው የተሳለውን ምላጭ እንደገና መሳል የጀመርኩት፤ እኔ፣ መሬት ስትንቀጠቀጥ እንኳ ጢም ያጸዳሁ ሰው!

«ተላጭተህ ና ብለውኛል» አለ። ድምፁ እንደ መጋዝ ሻክሯል። «ደግሞ የምነግርህ ነገር አለ።»

«ትነግረኛለህ ጋሼ፤ በመጀመሪያ ተደገፍ።»

አረፋውን ቀባሁት፤ ምላጩን አነሣሁ፤ አፌም ተከፈተ። ዲዳ ሆኖ ከርሞ አንደበቱ ስለተፈታው ስለ ዘካርያስ ነገርኩት። ሐኪም ተስፋ ከቆረጠበት በኋላ ተነሥቶ ሐኪሙን ስለቀበረው ደንበኛዬ ነገርኩት። እጁን ከፎጣው ሥር አወጣ።

«አትንቀሳቀስ፣ ምላጭ ነው!»

እጁን መለሰ። ወደ አንገቱ ስወርድ እንደገና አወጣ፤ እንደገና ከለከልኩት። የዚያን ዕለት ስብከቴን ሰባኪዎች ቢሰሙት ተሰልፈው መድረካቸውን ይለቁልኝ ነበር። ግን እኔ ዝም ካልኩ እሱ ይናገራል፤ እሱ ከተናገረ ደግሞ መሰናበቻ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። የእግዚአብሔርን ቃል በእኔና በወንድሜ መካከል እንደ ግድግዳ አቆምኩት።

ፎጣውን ስገፍፍለት ሹፌሩ ገባ።

«ምን ልትነግረኝ ነበር ጋሼ?»

ወንድሜ ሹፌሩን አየው፤ እኔን አየኝ። «ይቆይ» አለ። ሲወጣ መስታወቱ ፊት ቆም ብሎ ጥቅሱን አነበበ። እኔም ከኋላው ሆኜ አነበብኩት። ለካ ከንፈሩ የተዘጋበት ሰው ልመና ነው። እኔ ለለፍላፊ የተጻፈ አድርጌ ስሰብከው ኖሬያለሁ! ሮጬ ልከተለው ይገባ ነበር። ሹፌሩ ግን ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «እስቲ ዛሬስ ምን ይዘሃል?» አለኝ፤ ጀመርኩለት።

በማግስቱ ሆስፒታል ስደርስ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል አስገብተውታል።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ፣ ተመስገን። ወደ ቤት ሲመለስ ልጠይቀው ሄድኩ፤ ሚስቱ በር ላይ ያዘችኝ።

«ነገረህ አይደል?»

«ምኑን?»

«ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለው ነበር እኮ። ለእኔም ንገረኝ ብለው፣ ይሄ የወንድሜ ነው አለኝ።»

በአጠገቧ አልፌ ገባሁ።

አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። እርሳስና ወረቀት አቀበልኩት።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ልትነግረኝ የነበረውን ጻፍልኝ።»

እርሳሱን እንደ ሥራ ቀኑ ከጆሮው በላይ ሻጠውና ፈገግ አለ። ከዚያ አወረደው፤ አንድ ቃል ጻፈ፦ «ረሳሁት።»

የከተማውን በርና መስኮት ልክ በቃሉ የሚይዝ ሰው! ረስቶት ይሁን ሊምረኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያጽናና ጥቅስ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት። ወንድሜ በርጩማውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ተቀመጥኩ። ከፋሻው ሥር ትንፋሹ እያፏጨ ይወጣል፤ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረውም። እስኪመሽ ድረስ እሱን አዳመጥኩ።