ነዝናዛው ሶፍትዌር

«ኮምፒውተር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ እስቲ ይምጣ!» አለች የብረታ ብረት ወርክሾፑ ባለቤት ልጅ ደረቷን ነፍታ። አባቷ ከሁለት የዲዛይን ሶፍትዌሮች አንዱን ዛሬ ይገዛል፤ መራጯ እሷ ናት። ምርጫዋ ካማረ የትምህርት ቤት እረፍቷን ከኢንጂነሮቹ ጎን ተቀምጣ እንድትሠራ ቃል ገብቶላታል።

በማሽን ከብረት የሚቆረጥ የፓምፕ ሳጥን በሁለቱም ሣለች። አንደኛው ሥዕሏን እንደ መስታወት አብለጨለጨው። ሁለተኛው ግን መልኩ ደብዛዛ ነው፤ በዚያ ላይ የሳጥኑን የውስጥ ማዕዘኖች እያቀላ «ማሽኑ ይህን መቁረጥ አይችልም» እያለ ነዘነዛት።

«አባዬ፣ ይሄ ነዝናዛ ይቅርብን፤ የሚያብረቀርቀውን ግዛ!»

አባቷ በልጁ ኮርቶ፣ ሠላሳ ዓመት ብረት የቆረጡትን ማሽኒስት ጠራ። ሰውየው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው የሚያብረቀርቀውን ሥዕል ስክሪኑ ላይ አዩ።

«እንዴት ነው ጋሼ፣ አያምርም?» አለች እየተሽኮረመመች።

«ያምራል እንጂ። የማሽኑ መቁረጫ ግን ቅርጹ ምንድነው?»

«ክብ ነዋ!»

«ታዲያ ክብ መቁረጫ እንዲህ ሹል ማዕዘን ውስጥ በምን ይገባል? ጥግ ላይ የሚተርፈውን ብረት በጥርስሽ ልትግጪልኝ ነው?»