ምሳ የምንበላበት ቤት

የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ከመስቀል በኋላ ፏፏቴ ለማየት በእግር እንሂድ ሲል፣ እኔ ፏፏቴውን አልጠላሁም። የጠላሁት ምሳ የምንበላበትን ቤት ነው።

ሐሳቡን ያመጣችው ሊቀ መንበራችን ሙሉነሽ ናት። «ሁልጊዜ ለስብሰባና ለዘመቻ ብቻ ነው እንዴ የምንወጣው? አንድ ቀን ደግሞ ደስ ብሎን እንዋል» አለች። መንገድ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ባሌን ጠናን አስጠራችው። ጠና ሆሳዕና ውስጥ ጋሪ ይነዳል እንጂ የተወለደው ሌሞ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው።

እኛ ግቢ ተሰብስበን ሳለ ጠና በጅራፉ እጀታ መሬቱን እየጫረ አስረዳ። «እስከ አፋፉ በጋሪ። ከዚያ በጫካው ቁልቁል እስከ ትንሹ ፏፏቴ። ወንዙን ይዘን ወደ ትልቁ። መመለሻው ዳገት አለው፣ ቢሆንም ልብ አያጠፋም።»

«ለእኔ ውፍረት ይሆናል?» አለች ጎረቤቴ ገነቴ።

«ቁልቁለቱን ትንከባለያለሽ፤ ለዳገቱ በሬ እንጠምድልሻለን» አልኳት። ሴቱ ሁሉ ሳቀ።

«ምሳስ የት እንበላለን?» አለች ሙሉነሽ።

«መሀል ላይ የአስናቀች ቤት አለ» አለ ጠና። «ጥላም ውኃም አለው።»

ሳቄ ደረቀ።

አስናቀች የሟች ወንድሙ የወልደሰንበት ሚስት ናት። በአገራቸው ወግ የሟችን ሚስት ወንድም ይወርሳል። ጠና «ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ ‹ሚስት አለኝ፣ አልወርስም› ብዬ መልሼአቸዋለሁ» አለኝ። አመንኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ጋሪው ወደ ሌሞ ማዘውተር ጀመረ። ጠና ሲመለስ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እራት ሳቀርብለት «ጠግቤያለሁ» ይለኛል። ማን ነው ያጠገበው?

«እዚያ ቤት ምሳ የለም» አልኩ። «በወዲያኛው በኩል ይኬዳል።»

«በወዲያኛው በኩል ገደል ነው፣ ትርፊት» አለ ጠና።

«ወርጄ አሳይሃለሁ።»

«እትዬ ትርፊት፣ እሱ ያደገበት አገር እኮ ነው» አለች ሙሉነሽ። ያደገበት ቢሆን እኔ ምን አገባኝ።

በማግስቱ ጠና እህል ሊጭን ቦኖሻ ሲሄድ እኔ ብቻዬን ወጣሁ። ጫካው ጨለማ ነው፤ ጉሬዛው ከዝግባው ላይ ሆኖ ያየኛል። አለ ያልኩትን መንገድ ክረምቱ ጠራርጎ ወስዶታል። እያዳለጠኝ፣ ሥር እየያዝኩ ወረድኩ። ወንዙ ጋ ስደርስ ሽቅብ የሚያወጣ አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ አገኘሁ። በእሱ ወጣሁ። የወጣሁት አስናቀች አጥር ሥር ነው።

ቤቷን ከማየቴ በፊት እንሰቱን አየሁ። አዲስ የተተከለ፣ ቅጠሉ ገና ለጋ፣ እያንዳንዱ ሥሩ በድንጋይ የተደገፈ። እንዲህ በድንጋይ አስደግፎ የሚተክል ከጠና ሌላ አላውቅም፤ የእኛ ጓሮ እንደዚያው ነው። እንሰት ደግሞ ጎመን አይደለም። ደርሶ እስኪፋቅ ዓመታት ይፈጃል። ለመመለስ ያላሰበ ሰው በሰው ጓሮ እንሰት ምን አስተከለው?

አስናቀች ወጣች። «ማነው?»

«ጣውንትሽ።»

አልደነገጠችም። «ነጠላሽ ጭቃ ሆኗል። ግቢ።»

«አልገባም። ይህን ማን ተከለው?»

«ጠና።»

«ተክሎ ሲጨርስ የት ያርፋል?»

«እዚያች ድንጋይ ላይ። ቆጮውን በልቶ ይሄዳል። ከደጃፌ አልፎ አያውቅም።»

«ዋሾ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አለችና ክንዴን ያዘች። «ገበሬ ማኅበሩ መሬት እየሸነሸነ ነው። ወንድ የሌለበትን ማሳ ቀድመው ነው የሚያዩት። ጠና ሽማግሌዎቹን እንቢ ቢልም፣ ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን ‹ወርሻታለሁ› አለው። እንሰቱንም ሰው አይቶ እንዲያምን ተከለ። እውነቱ ከወጣ ይህ ጓሮ የሌላ ሰው ነው። እኔ ደግሞ መሄጃ የለኝም።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ አየሁ። «‹ትርፊት ምስጢር ትችላለች፣ ቅናት ነው የማትችለው› አለኝ።»

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ተቀምጠው ስለ እኔ አውርተዋል! ቆጮ በአይብ አቀረበችልኝ። አልበላም ብዬ ራበኝና በላሁ። ከእኔ ቆጮ ይለሰልሳል። እሱም አቃጠለኝ።

ማታ ጠና ፈረሱን ሲፈታ ነጠላዬን አይቶ «ሄድሽ ማለት ነው» አለ።

«ማልልኝ።»

«ከነካኋት የወንድሜ አፅም ይፋረደኝ።»

ግማሽ ልቤ አመነው። ሌላው ግማሽ እንሰቱን ሲቆጥር አደረ።

ሴቶቹ በየት እንደሚኬድ ሊወስኑ ዳግመኛ እኛ ቤት ሲሰበሰቡ፣ ጠናም በሩ አጠገብ ቆሟል። ሙሉነሽ «እሺ እትዬ ትርፊት፣ በወዲያኛው በኩል ይኬዳል?» አለችኝ።

«አይኬድም። ዝናብ ወስዶታል።»

«እንግዲያው ምሳ አስናቀች ቤት ነው» አለች ገነቴ። ከዚያ ምላሷ አላርፍ አላት። «ቆይ፣ እሷ ለጠና አሁን ምኑ ናት? ወረሳት እንዴ?»

እልፍነሽ፣ ወንድሟ የነአስናቀች ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነው፣ የምትፈትለውን እንዝርት አቁማ ታየኛለች።

«አልወረሳትም» ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያንን ካልኩ ባሌ በሰው ፊት የእኔ ብቻ ነው፤ ጋሪውም ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። አስናቀች ክንዴን የያዘችበት ቦታ ግን አሁንም የሚቆነጥጠኝ መሰለኝ።

«ወርሷታል» አልኩ። «ጣውንቴ ናት።»

«ውይ! አንቺ? አንቺ ችለሽ?» ገነቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዳር ያሉት ተጠቃቀሱ። ጉዴ ከተማውን ሊዞር መሆኑን አወቅኩ። የእልፍነሽ እንዝርት እንደገና መሾር ጀመረ።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አልኩ። «ምሳው እዚያ ነው። የሚቀርበው ግን ከእኔ ቤት በሚወጣው ቆጮና ቅቤ ነው፤ የማቀርበውም እኔ ነኝ። ጠና ከአፋፉ አያልፍም፤ ጋሪውን ይጠብቃል።»

«መንገዱን ማን ሊመራን ነው ታዲያ?» አለች ሙሉነሽ።

«እኔ።»

ጠና ሊናገር አፉን ከፈተ። ዞሬ አየሁት። ዘጋው።