ራስ የሌላት ሙሽራ በቆንጆው መንገድ

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ጋሽ ድልድይ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። አስፋልቱ ግን የሚሄደው ወደ ግራ ነበር።

ከኋላ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ሰውዬው የዘነጋ መሰላት።

«ጋሼ፣ አስፋልቱ በወዲያ ነው» አለች በትሕትና።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ወዴት እየሄዱ ነው?»

«አስፋልት ለሲሚንቶ ጫኝ ነው የተሠራው። ቬሎ የጫነ ሰው በቆንጆው መንገድ ነው የሚሄደው! ተራራው አለ፣ ፏፏቴው አለ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ሰልፍም ግፊያም የሌለባት አንዲት ፍሬ ኬላ አለች። ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ኋላ ታመሰግኚኛለሽ።»

ዝም ብላ ተቀመጠች። ዝም ያለችው አምናው አይደለም፤ የባሏ ታላቅ ወንድም ስለሆነባት ነው። ባሏ እግሩ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ባይውል ኖሮ፣ ይሄ ዋርሳዋ መሪ ሊይዝላት ቀርቶ የመኪናዋን በር አታስነካውም ነበር።

ጋሽ ድልድይ «ድልድይ» የተባለው በገዛ ወሬው ነው። ጎረምሳ ሳለ፣ በዚሁ በቆንጆው መንገድ፣ ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ ድልድይ መሃል ሲደርስ ድልድዩ ቀጭ ይላል። እሱ ታዲያ ዘሎ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ ድልድዩን በጀርባው ደግፎ፣ ሰዉን በሙሉ የመጨረሻዋ ዶሮ እንኳን ሳትቀር አሻገረ። ሰውዬው እኮ ነፋስ ሲነሳ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ የሚከት ሸንበቆ ነው! «ማን አየህ?» ሲሉት «ሾፌሩ ነበራ፣ ነፍሱን ይማረው» ይላል። የጋሽ ድልድይ ምስክሮች አንድ ሳይቀሩ ነፍሳቸውን ይማረው ናቸው። ሰፈር ውስጥ «ከእሱ ጋር ጉድ ያየ ሰው ዕድሜ የለውም» ተብሎ ይቀለድበታል።

ዛሬ ግን የቀልድ ቀን አልነበረም። ነገ ጠዋት፣ ከድንበር ወዲያ ማዶ፣ ታናሽ እህቷ ታገባለች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እህቷ ናት። ገና ጥርሷ ሳይበቅል «ቬሎሽን የምሰፋው እኔ ነኝ» ብላ ቃል ገብታላታለች። የሙሽራው እናት ግን በስልክ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አይጨነቁ፣ እኔ ጋ የኪራይ ቬሎ አለ። እስከ ማታ ድረስ የእርስዎ ካልደረሰ እሱኑ እናለብሳታለን፤ ስንቱን ሙሽራ ድሯል!»

ስንቱን ሙሽራ ድሯል! ስንቷ አልባበታለች አትሉም! ልብስ ሰፊዋ ይህን ቃል ባሰበችው ቁጥር ቆሽቷ ያራል። በእንባዋ ያጠበችው፣ ዳንቴሉን በመርፌ እየለቀመች የሰፋችው ልብስ ቀርቶ፣ እህቷ የሰው ላብ ለብሳ ልትዳር!

ስለ ቬሎ ሁለት ሕግ አላት። አንደኛ፣ ቬሎ አይታጠፍም። ሁለተኛ፣ ከሙሽራዋ በፊት ነፍስ ያለው ሰው አይለብሰውም። ስለዚህ ቬሎውን የስፌት ቤቷን አሻንጉሊት አልብሳ፣ አሻንጉሊቷን ፊት ወንበር ላይ በቀበቶ አስራ አስቀምጣታለች። አሻንጉሊቷ እጅም እግርም የላትም፤ ሠሪዋ አንገቷ ጋ ሲደርስ ደክሞት የተወው ይመስል ራስም የላትም። አቀማመጧ ግን የንግሥት ነው።

ጋሽ ድልድይ ወሬውን ወደ አሻንጉሊቷ አዞረው።

«አየሽው ያንን ድንጋይ? ዝሆን ነው የሚመስለው አይደል? እኔ በመጣሁ ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ደክሞት ተኝቶ ነው።»

መኪናዋን አቁሞ ወረደና ዝሆኑን አደነቀ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቆመ። አሁን የቆመው ወደ ላይ የሚፈስ ፏፏቴ ለማሳየት ነው። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን አውጥታ አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ የፈነዳ ቧንቧ ነው።»

«ወደ ላይ አልፈሰሰም?»

«የፈነዳ ቧንቧ ወዴት ይፍሰስ ታዲያ! ይንዱት መኪናውን፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው!»

«ምን ያስቸኩልሻል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉማ ሄዶ ደርሷል! እኛ ነን በመኪና የቀረነው!»

አቧራው በመኪናዋ የተሰበረ መስኮት እንደ ወንፊት እየተነፋ ይገባል። አንሶላዋን አውጥታ ቬሎውን ሸፈነችው፤ ጋሽ ድልድይ «ታፍናለች እኮ» ብሎ ከአንገቷ ላይ ገለጠላት። «አንቺን ደስ ይለኛል፣ ሰው ሲያወራ አታቋርጪም» አላት አሻንጉሊቷን።

«ራስ ስለሌላት ነው የቻለችዎት!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከኋላ።

ዳገቱ ጫፍ ወጡ። ከታች ሸለቆው እንደ ተዘረጋ ጣቃ ተዘርግቶ ይታያል፤ እዚህ አረንጓዴ፣ እዚያ ቡና ዓይነት፣ መሃሉ ላይ ወንዙ እንደ ብር ክር ይሄዳል። ጋሽ ድልድይ አፉን ከፍቶ ቀረ። አልዋሸም፣ አልጨመረም። ልብስ ሰፊዋ ስልኳ ዳገቱ ላይ ስለሠራላት ለሙሽራው ደውላ የሚመጡት በትንሿ ኬላ መሆኑን ነገረችው፤ ዓይኗ ግን ከዋርሳዋ ፊት ላይ አልተነሳም። ብዙ ጊዜ ያየውን ነገር ሰው እንዲህ አፉን ከፍቶ ያያል እንዴ? ጥርጣሬ በሆዷ ገባ።

ጥርጣሬዋ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሥጋ ለበሰ። መንገዱ ውሃው ውስጥ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ድልድይ የለም። የተሰበረ ድልድይ እንኳን የለም። አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብላ በጀሪካን ውሃ ትቀዳለች።

«እናቴ፣ ድልድዩ ወዴት ነው?» ብላ ልብስ ሰፊዋ ጠየቀቻት።

«የምን ድልድይ? እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ፣ ድልድይ የሚባል አይቼ አላውቅም። ለዚች ውሃ ደግሞ ድልድይ! ከጉልበት ታልፋለች?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጋሽ ድልድይ ዞረች። እሱ የመኪናዋን ዘይት የሚያይ መሰለ።

ያን ጊዜ ነው «እርስዎ» የቀረው።

«አንተ! ከጉልበት የማያልፍ ውሃ ላይ ነው አውቶቡስ በጀርባህ የተሸከምከው? በዚህ መንገድ ሄደህ ታውቃለህ? እውነቱን ተናገር፣ አፍህን በመርፌ ሳልሰፋልህ!»

ጋሽ ድልድይ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሄጄ አላውቅም።»

«አንድ ቀን እንኳን?»

«ጋራዥ ውስጥ መኪና አጥብ ነበር። ሾፌሮቹ ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ፣ ያወራሉ። እኔ የመንገዱን ጭቃ ነው የማውቀው፣ ከጎማ ላይ ስለማጥበው። እስቲ ሳልሞት አንዴ ልየው ብዬ ነው።»

«በእህቴ ሰርግ?! ሌላ ቀን አልነበረም? ዓመቱን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ስትዋሽ ከምትውል፣ አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍረህ አይተኸው አትመጣም?»

አንጀቷ ሊራራ ሲል ቬሎው አንገት ላይ ያረፈውን አቧራ አየችና መልሶ ጠነከረ። «ንዳ!» አለችው። ነዳ። ከዚያ በኋላ ዝሆንም አልተኛ፣ ፏፏቴም አልፈሰሰ።

ኬላዋ ጋ የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ኬላ ማለት ሁለት በርሜል፣ በመካከሉ አንድ ሰንሰለት፣ ከጎኑ አንዲት ክፍል። ከሰንሰለቱ ወዲያ ቦይ አለ፤ በቦዩ ላይ ጣውላ ተጋድሟል፣ ከጣውላው ማዶ ሌላ አገር ነው። እዚያ ማዶ ሙሽራው መኪናው አጠገብ ቆሟል። እናቱ ደግሞ የኪራዩን ቬሎ በፕላስቲክ ከረጢት እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ይዘውት መጡ! እስቲ አሁን ምን ይባላል?

ኬላ ጠባቂው መኪናዋን ተጠግቶ ወደ ውስጥ አየ።

«የሙሽራዋን ፓስፖርት።»

«ሰው አይደለችም፣ አሻንጉሊት ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ራስ የሚኖርበትን ቦታ ሲያጣ ወደ ኋላ ዘለለ። ነፍሱ ስትመለስለት ተቆጣ።

«ይሄ ዕቃ ነው! ዕቃ በዚህ አያልፍም። ዕቃ የሚያይ የጉምሩክ ሰው ያለው ትልቁ ኬላ ነው፣ አስፋልቱ ጋ። እዚህ የለበሱት ያልፋል፣ የጫኑት አያልፍም።»

«ወደ አስፋልቱ ለመመለስ እኮ ነገም አይበቃንም! ጠዋት ነው ሰርጉ!»

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ? ማን በዚህ ኑ አላችሁ?»

ልብስ ሰፊዋ ጋሽ ድልድይን አየችው። ጋሽ ድልድይ ጫማውን አየ። ከማዶ የሙሽራው እናት ድምፅ መጣ፦ «አይጨነቁ! የእኔው አለ!»

ደሟ ፈላ። የለበሱት ያልፋል? እሷ ልትለብሰው አትችልም፤ ሁለት ወልዳ ሰውነቷ ከእህቷ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ቬሎው የተለካው ለቀጭን፣ ለረጅም፣ ደረት ለሌላት ሸንበቆ ነው። ሸንበቆ...

ቀስ ብላ ዞረች።

«ምነው እንዲህ ታይኛለሽ?» አለ ጋሽ ድልድይ።

«ሱሪህን አውልቅ። ዘይት ነክቶታል።»

«ምን?»

«አውልቅ አልኩህ!»

አሻንጉሊቷን አራቆተቻት። ሁለተኛው ሕጓ እዚያው ፈረሰ። ትከሻው ጋ አልገባ ሲለው፣ በእጇ የሰፋችውን ጎን በጥርሷ ተረተረችው፤ እያንዳንዱ ክር ሲበጠስ ጥፍሯ የሚነቀል ነበር የመሰላት። የቀረውን በስፒል ያዘችው።

«ወጋሽኝ!»

«ገና ምን ዓይተህ! አትተንፍስ! እንዳታልብበት!»

ጋሽ ድልድይ በነጭ ቬሎ፣ ባልተላጨ ጢምና ከሥር በወጡ ሁለት ቀጫጭን ቅልጥሞች ሰንሰለቱ ፊት ቆመ። ኬላ ጠባቂው አንዴ ፓስፖርቱን፣ አንዴ ሰውዬውን ያያል።

«ፎቶው ላይ ቬሎ የለም።»

«ፎቶው ከአንገት በላይ ነው ወንድሜ» አለ ጋሽ ድልድይ በኩራት። «ከአንገት በላይ እኔ ነኝ። ከአንገት በታች ሙሽራዋ ናት። የለበሱት ያልፋል አላልክም? ወንድ ይልበሰው ሴት ብለሃል?»

ጠባቂው አሰበ፤ ሲያስብም ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሰንሰለቱን ፈታው።

ጣውላው ላይ ሲወጣ የቬሎው ጠርዝ ጭቃ እንዳይነካው ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ቀሚሱን አንስታ ትከተለዋለች። «ቀስ! ወደ ግራ! ብትወድቅ አንተን ሳይሆን ቬሎውን ነው የማወጣው!» ሙሽራው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። እናቱ ከረጢቱን አጥብቀው ይዘው ጋሽ ድልድይን ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል።

«ይሄ ነው የእህትዎ ቬሎ? ወንድ የለበሰው?»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ለቃ፣ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እመቤቴ፣ ይሄን አንድ ሰው ነው የለበሰው። የእርስዎን ስንት?»

ከረጢቱ ወደ መኪናው ኋላ ገባ።

ያን ቀን ማታ ቬሎውን በእንፋሎት አጠነችው፣ የተረተረችውንም መልሳ ሰፋችው። ጠዋት እህቷ ለብሳው ስትወጣ፣ ቀኝ ጎኗ ላይ ያለችውን የተጠገነች መስመር ከልብስ ሰፊዋ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ሰርጉ እስኪያልቅ ሌላ ነገር አላየችም። ቂሟንም እዚያችው መስመር ላይ ቋጠረችው።

አገር ቤት ሲመለሱ ጋሽ ድልድይ ጋራዡ በራፍ ላይ በርጩማው ላይ ተሰየመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ይዞ መጥቷል! ቬሎ ለብሶ ድንበር መሻገሩን፣ ጠባቂው ሰንሰለት የፈታለት መሆኑን አንድም ሳይጨምር ተናገረ። መካኒኮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ድልድዩን እሺ ብለናል፣ ቬሎውን ግን ተወን!»

«ምስክር አለኝ!»

«ነፍሱን ይማረውና ማን ነው?»

«በሕይወት ያለች!» ብሎ ጮኸ። «በሕይወት ያለች ምስክር አለችኝ!»

እየጎተተ ስፌት ቤት ድረስ አመጣቸው። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ሱሪ ታሳጥራለች። ጥግ ላይ አሻንጉሊቷ ራቁቷን ቆማለች።

«ንገሪያቸው!» አለ ጋሽ ድልድይ እያለከለከ። «በእናትሽ፣ በቆንጆው መንገድ ሄደን፣ ኬላው ላይ የሆነውን ንገሪያቸው!»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች። ፊቷ ላይ ትሕትና ብቻ ነበር።

«ምን አጥፍቼ ነው ጋሼ እንዲህ የሚያስመሰክሩኝ?» አለች። «እኛ የሄድነው በአስፋልቱ ነው።»