ጠርዙ ላይ አንድ ምት

«ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ንገሪኝ፣ ሚየን» አሉ አባባ ቹክ፣ ያልቀመሱትን ሻይ መልሰው እያስቀመጡ። «እናትሽ ስለዚህች ልጅ ምን ብላ ሞተች?»

ሚየን ግንባሯ ላይ ያሰረችውን ነጭ የሐዘን ጨርቅ ጠበቅ አደረገችው። ውጭ መለከተኞቹ በድምፅ ማጉያ መንደሩን ያደነቁራሉ።

«እናትሽ ይህን ጩኸት ብትሰማ፣ ተነስታ በእግሯ ወደ መቃብር ትሄድ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

አባባ ቹክ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሟቿ የሚየን እናት፣ እማማ ኛን፣ ሲዘፍኑ እሳቸው ባለ ሦስት ክሩን ረጅም ክራር ሲመቱ ሃያ ዓመት ኖረዋል። ሁለቱ ሳይጣሉ የዋሉበት ቀን ቢኖር አንዳቸው የታመሙበት ነው። ዛሬ የሚጣሉት ሰው አጥተው፣ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ልጅቷ ዚየፕ በሩ ሥር ተንበርክካለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እማማ ኛን ካስተማሯቸው አሥራ አንድ ልጆች የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹን ፋብሪካ፣ ባልና ስልክ ተከፋፍለዋቸዋል። በእኛ መንደር ደንብ መምህሯ «በቅተሻል» ብላ ያልፈታቻት ዘፋኝ በመንደሩ አምላክ ፊት አትዘፍንም። የአምላኩ በዓል ደግሞ በሚመጣው ወር ነው። ሬሳው እስካልወጣ ድረስ መምህሯ አሁንም ቤት እንዳለች ይቆጠራል። ከወጣ በኋላ ግን የሚፈታት የለም።

«ያልተፈታች ልጅ አጅቤ በስተርጅና አምላክ አላታልልም» አሉ አባባ ቹክ። «ክራሬን እሰቅላለሁ፤ ዜማውም ከሟቿ ጋር ይቀበር።»

አክስት ቶ አፍ የሚያቀላውን ቅጠሏን እያኘከች ወደ ሚየን ጆሮ ተጠጋች። «‹ፈትታታለች› በይውና ይገላግልሽ። ሙታን አይመሰክሩ።»

ችግሩ ሚየን መስማቷ ነው። እናቷ ከመሞቷ ከሦስት ቀን በፊት፣ ዚየፕ ዘፍና ስትወጣ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ገና ናት፤ ትቸኩላለች» ብላ ነበር። ይህን ከሚየን በቀር የሰማ የለም።

ሚየንን ያስፈራት መዋሸቱ ብቻ አይደለም። እውነቱን ልትናገር ስታስብ አንጀቷ ቅቤ ሲጠጣ ተሰማት፤ ይህም አሳፈራት።

ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን በመብያ እንጨቷ የሩዝ ሳህኗን ጠርዝ እየመታች አንጎራጎረች። እናቷ እጇን በጥፊ አለችው። «ይሄ ላንቺ አይሆንም። እኛን ምን ብለው እንደሚጠሩን አታውቂም።» ያኔ ዘፋኝ ማለት የመጠጥ ቤት ሴት ማለት ነበር፤ እናቷ እየዘፈነች ምት የምትጠብቅባቸውን የቀርከሃ መምቻዎቿን ጣሪያ ሥር ደብቃ፣ ሩዝ ስትተክል ኖረች። ዘመን ተለወጠና ከከተማ ሰዎች መጥተው «እባክዎ ያስተምሩልን» አሏት። የሌሎች ሰዎች ልጆች ምንጣፉን ሞሉት። ሚየን ግን ሻይ እያፈላች፣ ከሸንበቆው ግድግዳ ጀርባ ቀረች። ያኔ አርባ ሊሞላት ነው፤ ማንም «ነይ ተቀመጪ» አላላትም።

«ሳጥን ተሸካሚዎቹ መጥተዋል» አለ አንድ ሰው ከደጅ።

ሚየን ዚየፕን አየቻት። ልጅቷ እንባዋ ደርቆ፣ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ዜማ ይቆጥራሉ።

«‹ገና ናት፤ ትቸኩላለች› ነው ያለችው» አለች ሚየን።

አክስት ቶ ማኘኳን አቆመች። ዚየፕ አንገቷን ደፋች። አባባ ቹክ ክራራቸውን አንስተው ወደ ከረጢቱ ሊከቱት ጀመሩ።

«ይቆዩ፣ አባባ። ያለችው ከመሞቷ ከሦስት ቀን በፊት ነው። አሁንም ቤት ናት፤ ዛሬ ምን እንደምትል እንስማ እንጂ። መለከተኞቹን ዝም አሰኙልኝ።»

መለከቱ ቆመ። ዚየፕ ምንጣፉ ላይ ወጥታ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። የቀርከሃ መምቻዎቹን በሁለት እጇ ያዘች። አባባ ቹክ እያጉረመረሙ ክሩን ነካ አደረጉት።

ዘፈነች። አፏ ብዙም አልተከፈተም፤ ድምፁ ከጉሮሮዋ ሥር ተጠምዝዞ ወጣ። ሚየን ያቺን ቦታ ጠበቀች፦ ረጅሙ ትንፋሽ ሳያልቅ ዚየፕ ሁልጊዜ ቀርከሃውን ቀድማ የምትመታባትን፣ እናቷ መዳፏን ዘርግታ የምታስቆማትን። ደረሰች። የልጅቷ እጅ ተነሳ።

እዚያው አየር ላይ ቆመ። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ክር አከለ፣ አልተበጠሰም። ሲያልቅ ያን ጊዜ ቀርከሃው ወረደ።

ምንጣፉ ጫፍ ላይ ካለው ከበሮ ጀርባ ማንም አልነበረም። እዚያ ተቀምጣ የምትፈርደው፣ ደስ ሲላት የከበሮውን ጠርዝ በዱላ አንድ ጊዜ የምትመታው፣ ሳጥን ውስጥ ናት። ዚየፕ በስድስት ዓመት ውስጥ ያቺን ምት አንድም ቀን አልሰማችም።

የሚየን እጅ ዱላውን አንስቶ ጠርዙን መታ። ቀጭ።

ልክ በቦታዋ። አባባ ቹክ ጣታቸው ክሩ ላይ ቀረ።

«ማነው ያስተማረሽ?»

«ግድግዳው።»

ሽማግሌው ወደ ሳጥኑ ዞረው «ሰማሽ፣ አንቺ ግትር?» አሉ፤ ክራራቸውንም ወደ ከረጢቱ አልመለሱትም። ዚየፕ በግንባሯ ምንጣፉን ነካች።

ተሸካሚዎቹ ገቡ። ሳጥኑ ሲነሳ ቤቱ ለለቅሶ ተነሳ፤ መለከቱም እንደገና ጮኸ። ሚየን ከኋላ ቀረች። ለሟች የቀረበው የሩዝ ሳህን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁለቱ የመብያ እንጨቶች ሩዙ ላይ ተተክለዋል። አንዱን ነቀለች። ሳጥኑ ደጃፉን ሲያልፍ የሳህኑን ጠርዝ በቀስታ አንድ ጊዜ መታችና እንጨቱን ወደ ቦታው መለሰችው።