በስምንት ያልተካፈለው

ታላቂቱ በቴሌኮም መሥሪያ ቤት የማስተላለፊያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ቴክኒሻን ናት። የመሣሪያ ሳጥን ስትከፍት የትኛው ኬብል ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ንድፍ አትፈልግም። ታናሽ እህቷ ኢንጂነር ሆና እዚያው ክፍል ተቀጠረች፤ በዓመቱ የፕሮጀክት ኃላፊ ተባለች። ቤት ውስጥ ሚጣ የምትባለው ልጅ ቢሮ ውስጥ «ኢንጂነር» ሆነች።

ሚጣን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች፣ የማባዣ ሰንጠረዥ ያስጠናች ታላቂቱ ናት። እንደምትወዳት ማንም አይጠራጠርም፤ ራሷም አትጠራጠርም። ይሁን እንጂ የክፍሉ ኃላፊ በስብሰባ መሃል «እስቲ ኢንጂነርን እንጠይቃት» ባለ ቁጥር ማስታወሻ ደብተሯን ትዘጋለች። እናታቸው ሳሎን ውስጥ የሚጣን የምረቃ ፎቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅላለች። ድሮ እዚያ ቦታ የነበረው የታላቂቱ የሠርግ ፎቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ከመብራት ቆጣሪው አጠገብ ወርዷል።

«ፀሐይ እንዳያደበዝዘው ብዬ ነው እኮ» አለች እናት፣ ስትጠየቅ።

አንድ ትንሽ ሆስፒታል የሲቲ ስካን ምስሎቹን ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚልክበት መስመር ጠየቀ። የአንጎል ሐኪም የለውም። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲመጣ ምስሉን አይቶ «ቶሎ ላኩት» ወይም «እዚያው አቆዩት» የሚለው የትልቁ ሆስፒታል ሐኪም ነው። ሥራው ለሚጣ ተሰጠ።

ሐሙስ ከምሳ በፊት ሚጣ የመስመሩ ዕቅድ ያለበት ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ነገ ለሆስፒታሉ ልሰጠው ነው። እስቲ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት።»

ታላቂቱ ስህተቱን ለማየት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። የቴሌኮም ሰው የመስመርን ፍጥነት በቢት ይቆጥራል፤ የኮምፒውተር ሰው የፋይልን መጠን በባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ የመስመሩን ፍጥነት ወደ ባይት ለመቀየር ለስምንት ማካፈል ግድ ነው። ሚጣ በጥድፊያ ይህን ዘላዋለች። በሰከንድ ሁለት ሜጋቢት የሚያስተላልፈውን መስመር ሁለት ሜጋባይት ብላ ጽፋለች። በወረቀቱ መሠረት ሦስት መቶ ሜጋባይት የሆነ አንድ ምርመራ በሁለት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። እውነቱ ሃያ ደቂቃ ነው።

ታላቂቱ እስክሪብቶ አነሳች። በዚያው ቅጽበት የክፍሉ ኃላፊ በአጠገባቸው ሲያልፍ ሳቅ አለና «ጎሽ፣ ከኢንጂነር መማር ነው!» አላት። ቀልዱ ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።

«ጥሩ ነው» አለች።

«ስሌቱም?»

«ስሌቱም።»

ሚጣ ጉንጯን ስማት ሄደች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ታላቂቱ ለራሷ ምክንያት ስትደረድር ከረመች። ስህተቱ ሙከራ ላይ ይታያል፤ ማንም አይጎዳም፤ ሚጣም አንድ ቀን ብታፍር ምን አለበት። እሑድ እናታቸው ቤት ሄዳ ስህተቱን ልትናገር ትንሽ ቀርቷት ነበር። እናት ግን ለጎረቤቷ «ሚጣዬ ለሐኪሞች መስመር ልትዘረጋ ነው» ስትል ሰማች። ጎረቤቷ «ታላቋስ?» ብላ ስትጠይቅ እናት «እሷም ታግዛታለች» አለች። ታላቂቱ ሳትናገር ወጣች።

የሙከራው ዕለት ጠዋት በትንሹ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እህትማማቾቹ፣ የክፍሉ ኃላፊና የሆስፒታሉ ሰዎች ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሞላ። ስክሪኑ አሥራ ሦስት ከመቶ ይላል። አምስት ደቂቃ ሆነ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር መነጽሯን አወለቀች።

«ይህን ወረቀት አምነን፣ በሽተኛው መልስ እስኪመጣ እዚሁ ይቆይ የሚል አዲስ መመሪያ ጽፈናል» አለች። «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ለሚፈሰው ሰው ሃያ ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ?»

ታላቂቱ ስትጠብቀው የነበረው ደስታ መጣ። አንድ አፍታ ቆየ። ወዲያው ከሚጣ ጆሮ ጀርባ ላብ ሲወርድ አየች፤ ደም ስለሚፈሰው ሰው የተባለውም ገና ያኔ ገባት። በእነዚያ ቀናት ሁሉ በሽተኛ የሚባል ነገር አንዴም ትዝ ብሏት አያውቅም።

«ይህን ስሌት ማን አየው?» ሲል ኃላፊው ጠየቀ።

ሚጣ ወደ እህቷ አልዞረችም። «ማንም። ብቻዬን ነው የሠራሁት።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች ታላቂቱ። «ስህተቱንም አይቼ ነበር። ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ኮሪደሩ ላይ ሚጣ ክንዷን ያዘቻት። «ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም። ቀንቼብሽ ነው።»

ታላቂቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። አልተከራከረችም። መመሪያው ተሰረዘ፤ እስኪስተካከል ድረስ በሽተኞች እንደ ድሮው በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄዳቸውን ቀጠሉ። ሰባት መስመሮች ተጨምረው ስምንቱ አንድ ላይ ቢታሠሩ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ፍጥነት እንደሚገኝ ያሰላችው ሚጣ ናት። ዝርጋታውን ታላቂቱ ለመነች፤ ተፈቀደላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚጣ «እርስዎ» እያለች አናገረቻት። «ሰባተኛውን መስመር ደግመው ይፈትሹት» ትላለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። ታላቂቱም ደግማ ትፈትሸዋለች።

በሁለተኛው ሙከራ ምስሉ በሁለት ደቂቃ ከሃያ ስድስት ሰከንድ ደረሰ። ዳይሬክተሯ የሚጣን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጨበጠች። ታላቂቱ መፍቻዋን እንደያዘች ከመሣሪያው ሳጥን አጠገብ ቆማ ነበር፤ ማንም አላያትም።

መኪናው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ታላቂቱ «አሁንም ቀናሁ» አለች። «ስትጨብጥሽ።»

ሚጣ የመኪናውን ቀበቶ አሰረች።

«ለእማዬ አልነገርኳትም» አለች። «አልነግራትምም። ይቅርታው ግን ገና ነው።»

«ይቆይ» አለች ታላቂቱ፤ መኪናውንም አስነሳች።