በቅደም ተከተል ይሞላ

ልጅቷን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራት «ራዲዮ» እያለ ነው። ወሬ ስለምታበዛ አይደለም፤ እሱም ቢሆን አይጠፋባትም። ስሙ የወጣላት ዝናብ ስለምታውቅ ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ሰማይ ትሰቅልና «ዛሬ ልብስ እንዳታሰጡ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ይጥላል» ትላለች። ያላመናት ሰው ከስምንት ሰዓት በኋላ አንሶላውን ከጭቃ ላይ ይለቅማል። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ የየቀኑን ነፋስ፣ ደመናና ሙቀት በደብተር ትጽፋለች። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ደብተሮቹ አሥራ አንድ ደርሰዋል። እናቷ አልጋ ሥር ስትጠርግ በየሳምንቱ ትረግማቸዋለች።

እንዲህ ያለች ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆና የኮሌጅ ማመልከቻ ቅጽ ሲሰጧት ምን እንደምትሆን መገመት አያቅትም። ሰኞ ዕለት ቅጹን ይዛ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ የመጣችው በእግሯ ይሁን በአየር እሷም አታውቅም። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ከላይ ስም፣ ከታች የወላጅ ፊርማ፣ መሐል ላይ ስድስት ባዶ መስመር። ከመስመሮቹ በላይ በደቃቅ ፊደል «የሚያመለክቱባቸው ኮሌጆች፤ በቅደም ተከተል ይሞላ» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለውም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ዓለም ሁሉ ቅደም ተከተል ሲባል አንድ ነገር ብቻ የሚገባው መስሎታል፤ ለዚህ ስህተቱ ማንም የጠየቀው የለም።

የጂኦግራፊ መምህሯ ነገሩን ቁጭ አድርገው ነግረዋታል። «የአየር ጠባይ ጥናት ኮሌጅ በአገሩ አንድ ብቻ ነው። በዓመት ሃያ ልጅ ይቀበላል። አንደኛ ላይ ያልጻፈውን ልጅ ፋይሉን ገልጦም አያየው። ስለዚህ ልጄ፣ ወይ አንደኛ ነው ወይ የለም።»

«ወይ አንደኛ ወይ የለም» እያለች ሦስት ቀን ከረመች። ሳህን ስታጥብም፣ ጥርሷን ስትፋቅም ይኸው ነው። የምትፈልገው ኮሌጅ መንገዱ አልቆ ባሕሩ ከሚጀምርበት ከተማ ነው ያለው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ሙሉ ይወስዳል። እዚያ ደመና ከባሕር ላይ ሲነሣ በዓይን ይታያል ብለዋታል። ይህን ካሰበች በኋላ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አባቷ ከመንገድ ገባ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ኮሌጆቹ ያሉባቸውን ከተሞች ሁሉ፣ ከመጨረሻው በቀር፣ እንደ ኪሱ ያውቃቸዋል። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ደብተሯን ይዛ ፊቱ ተደነቀረች።

«አባዬ፣ ድልድዩ ያለበት ከተማ እንዴት ነው? የነርስ ኮሌጁ ያለበት።»

«መናኸሪያው ጠባብ ነው። አዙረሽ ለመውጣት ሦስቴ ወደ ኋላ ማለት አለብሽ።»

«እኔ የጠየቅኩህ ከተማውን ነው።»

«ከተማውን እኮ ነው የምነግርሽ። መናኸሪያው ጠባብ ከሆነ ሰዉም ይጋፋል።»

«ቴክኖሎጂው ያለበትስ?»

«እሱ ደህና ነው። ጎማ ለጣፊዎቹ ሐቀኞች ናቸው። ጎማ ለጣፊው የማይሰርቅበት ከተማ ልጅ ቢልኩ አይቆጭም።»

«የመምህራን ኮሌጁ?»

«ጭጋግ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት የፊት መብራት ሳታበሪ አትገቢም።»

«ስንት ወር ይቆያል ጭጋጉ?» አለች ዓይኗ በርቶ፣ እርሳሷን እየሳለች።

«እኔ ጭጋግ ልቆጥር ነው እንዴ የምሄደው?» አለ፤ ግን አስቦ «አራት ወር» አላት። ጻፈችው።

እንዲህ እያሉ እርሻ ኮሌጁ ያለበት፣ ከራሳቸው ከተማ ሲቆጠር አምስተኛው ከተማ ደረሱ። የእሱ መስመር እዚያ ያልቃል። እሷ ግን አላለቀባትም። ስድስቱንም ኮሌጆች እንደመጣላት የጫረችበትን ወረቀት አውጥታ የአየር ጠባዩን ሁለት ጊዜ አከበበችውና «ዋናዋ ይቺ ናት» አለች።

አባቷ ወረቀቱን አየ፤ ማሰሪያውን ፈትቶ ጫማውን አወለቀ። «እዚያ መስመር የለኝም» አለ በመጨረሻ። «ከአምስተኛው ወዲያ ያለውን መንገድ አላውቀውም።» እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ።

እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ የደንብ ልብስ እጅጌ እየገጠመች ነበር። እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሣ ገባችበት። «ሲመርጡ ሲመርጡ ከምራጭ ይወድቁ አሉ። ቅርቡ ምን አለው? የንግድ ሥራ ኮሌጁ ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው። ምሳሽን እቤትሽ በልተሽ ትመለሻለሽ።» ይህን የምትለው ከሰኞ ጀምሮ ነው፤ የንግድ ሥራ ኮሌጁም ስድስቱ ውስጥ የገባው ለእናት ሰላም ተብሎ ነው።

ቅጹን ማን ይሙላ ሲባል ክርክር አልተነሣም። የልጅቷ ጽሑፍ ዶሮ ጭራ የሄደችበት ነው የሚመስለው፤ አምና የአንድ ልጅ ቅጽ አይነበብም ተብሎ ተመልሶ ሰውን ሁሉ አስደንግጧል። አባትየው ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ በየጉዞው የስምሪት ወረቀት ሲሞላ የኖረ ሰው ነው፤ ፊደሉ የታተመ ይመስላል። የወላጅ ፊርማም በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ፊት መፈረም አለበት። ሐሙስ ዕረፍቱ ነበር፤ እሷ ፈተና ላይ ሳለች ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ አስረክቦ ገባ። «ጨረስኩ» አላት፤ እሷም አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

አርብ በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት የሄደችው ምንም ሥራ ኖሯት አይደለም። ደስታው አላስቀምጥ ቢላት፣ ስሟን በወረቀት ላይ ልታየው ብላ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ማኅተሟን እንደ ልጇ የምትጠብቅ፣ ለማንም የማትቸኩል ሰው ናት። ቅጹን ከክምሩ መዛ ሰጠቻትና «አባትሽ እጅ ጽሑፋቸው እንዴት ያምራል» አለች። «ምርጫሽም የጨዋ ልጅ ምርጫ ነው። ቅርብ ቅርቡን።»

ልጅቷ አነበበች። አንደኛ፣ የንግድ ሥራ ኮሌጅ። ሁለተኛ፣ ነርስ። ሦስተኛ፣ ቴክኖሎጂ። አራተኛ፣ መምህራን። አምስተኛ፣ እርሻ። የአየር ጠባይ ጥናት ኮሌጅ ስድስተኛው መስመር ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ክው አለች። ቀጥሎ ደሟ ፈላ። ከቤት እስከ ባሕር በርቀት ደርድሮታል፤ ከጉያዬ እንዳትርቂ ማለቱ ነው፤ ማስመሩም የባሰ ፌዝ ሆነባት። «ሊያታልለኝ ነው እንዴ ዝም ያለው?» አለች በልቧ። አባቷ ዋሽቷት አያውቅም፤ ያናደዳትም ይኸው ነው።

«እትዬ፣ ማስተካከል ይቻላል?»

«የፈረሙት አባትሽ ራሳቸው መጥተው አዲስ ቅጽ ሞልተው ከፈረሙ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን አሽጌ እልካለሁ። አሥራ አንድ ከአንድ ቢሆን የራሴን ልጅም አልቀበልም።»

አባቷ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው፤ መሪ ሲጨብጥ ይዘጋዋል። ድልድዩ ያለበት ከተማ ደርሶ መልስ ነበር የወጣው፤ አሥር ሰዓት ላይ መግባት አለበት። እናቷ ጋ ደወለች። እናትየው የስፌት መኪናውን አቁማ ሰማቻትና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለቻት። «ከመቆጣትሽ በፊት ጠይቂው። እሱን ከአንቺ በፊት ነው የማውቀው።»

ልጅቷ ግን ለመጠየቅ አልነበረም የተዘጋጀችው። አሮጌውን ቅጽ ሴትዮዋን ለምና ተውሳ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ንግግሯን አሰላች። «እምነቴን በላህ» ትለዋለች። «እንደ ዕቃ መንገድ ላይ ደረደርከኝ» ትለዋለች። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ከሩብ ሆነ። አውቶቡስ በገባ ቁጥር ልቧ ይዘላል፤ የእሱ አይደለም። አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ የእሱ አውቶቡስ አቧራ ለብሶ ገባ። ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ መታገሥ ነበረባት፤ በተለይ አንዲት ሴትዮ ሦስት ጆንያ ሽንኩርት ስታወርድ ዕድሜዋ ያጠረ መሰላት።

ሾፌሩ ሲወርድ ቅጹን ደረቱ ላይ ለጠፈችበት። ከተዘጋጀው ንግግር ውስጥ የወጣላት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ለምን?»

አባቷ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። «ምን አጠፋሁ? ፊደል ገደፍኩ?»

«መጨረሻ ላይ ጻፍከዋ። ዋናዋ ይቺ ናት ብዬህ፣ ሁለቴ አክብቤልህ፣ መጨረሻ ላይ አደረግከው።»

«ታዲያ የት ላድርገው?» አለ፤ ግራ መጋባቱ ከልቡ ነው። የደረት ኪሱን ከፍቶ የዕለቱን የስምሪት ወረቀት አወጣና ዘረጋላት። የመጀመሪያው መስመር መነሻ፤ ከዚያ የሚቆምባቸው ከተሞች በየተራቸው፤ የመጨረሻው መስመር መድረሻ፤ መድረሻው ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። «በቅደም ተከተል ይሞላ ነው የሚለው። እኔም በቅደም ተከተል ሞላሁ። መነሻሽ ቤትሽ። በየመንገዱ ደግሞ ቢደክምሽ የምታርፊበት። መድረሻሽ እዚያ። ተሳፋሪ እንዳይሳሳት መድረሻ ይሰመርበታል።»



«ያንን የማላውቀውን መንገድም ዛሬ ጠይቄ ነው የመጣሁት» ብሎ ቀጠለ፤ የሷን ፊት ሳያስተውል ወረቀቱን ገለበጠ። ጀርባው በደቃቅ ፊደል ሞልቷል። «ሁለት ሾፌሮች አገኘሁ። አስፋልቱ ደህና ነው። ሁለት ክፉ ኩርባ አለው፣ ቀን ቀን ካለፉት ችግር የለውም። ሁለተኛው ወንበር ላይ በግራ በኩል ብትቀመጪ ባሕሩ አስቀድሞ የሚታየው ለአንቺ ነው አሉኝ።»

ሲሰድቡት የዋሉት ሰው ደግ ሆኖ ሲገኝ የሚሰማው ሐፍረት ከደስታ ጋር ተደባልቆ አናቷ ላይ ወጣ። እያለቀሰችና እየሳቀች በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ እዚህ ቅጽ ላይ የመጀመሪያው መስመር ነው መድረሻው፣ ሃያ ልጅ ብቻ ነው የሚወስዱት፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ ገልጠውም አያዩት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይታሸጋል።

ሾፌሩ ሰዓቱን አየ። አሥር ሰዓት ከሠላሳ ሦስት። «ግቢ» አላት።

«ታክሲ አይሻልም?»

«ግቢ አልኩሽ።»

ባዶው አውቶቡስ ሞተሩ ሳይበርድ ዞረ። ረዳቱ ከሾፌሩ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ መንገዱን እያስለቀቀ «ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ ከመስመር ሲወጣ ያየሁት ዛሬ ነው፤ ወይ እኔ ወይ እሱ ልንሞት ነው» አላት። ገበያው ጋ ጋሪ ዘጋባቸው። ጥሩምባው ጮኸ፤ ጋሪው ጠርዝ ያዘ። ልጅቷ ሁለተኛው ወንበር ላይ በግራ በኩል ነው የተቀመጠችው፤ ማን እዚያ ተቀመጪ እንዳላት አታስታውስም። መስኮቱን ከፍታ ነፋሱን ፊቷ ላይ ተቀበለች። ብትፈራም ደስታዋ ከፍርሃቷ ይበልጥ ነበር፤ ቢረፍድ እንኳ አባቷ ወዴት ሊያደርሳት እንደፈለገ አውቃለች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውቶቡሱን ገትረው እግሬ አውጪኝ አሉ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ የፖስታውን አፍ ሙጫ ልትቀባ ብሩሹን አንሥታለች። የግድግዳው ሰዓት አሥር ከሃምሳ አንድ ይላል። አባትና ልጅን አየቻቸው፣ በመስኮቱ አሻግራ አውቶቡሱን አየችው፤ አዲስ ቅጽ ሰጠቻቸው።

ሾፌሩ የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። አንደኛው መስመር ላይ እስክሪብቶውን አሳረፈና ቆመ።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ምንም። እዚህ መስመር ላይ ሁልጊዜ የምጽፈው ቤቴን ነው።» ከዚያ ጻፈው፤ የአየር ጠባይ ጥናት ኮሌጅ። የቀሩትን አምስቱን እሷ እየነገረችው፣ በእሷ ምርጫ፣ በየተራቸው ሞላ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ስድስት።

ሴትዮዋ አነበበችው፤ መነጽሯን አወለቀች። ለማንም የማትቸኩለው ሴትዮ አሁንም አልቸኮለችም። «ወንድሜ፣ ይሄ ከተማ እኮ ሩቅ ነው» አለችው። «ከገባች በዓመት አንዴ ብታዩዋት ነው። በደንብ አስበውበታል?»

«አላሰብኩበትም» አለ ሾፌሩ። «ካሰብኩበት አልፈርምም።»

ፈረመና ወረቀቱን ራሱ አንሥቶ ለሴትዮዋ ሰጣት።